አቡ ሙስሊም አል-ኹራሳኒ፦ ስሙ ላልተነገረ መሪ የተሰጠ በይዓ



ስለ ጨቋኝ ገዢዎች ስናነብ ዓይናችን ሁሉ ገዢው ላይ ያርፋል። ስንት ሰው አስገደለ፣ ስንት ዓመት ገዛ፣ መጨረሻውስ ምን ሆነ ብለን እንጠይቃለን። በትከሻው ተሸክሞ ዙፋን ላይ ያወጣውን ሰፊ ሕዝብ ግን እንረሳዋለን፤ ካስታወስነውም ሞኝ ነበር፣ ተታለለ ብለን እናልፈዋለን። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ በየመስጂዱ ሶፍ የሚሞላው ሰው ለምን ተከተለው? ምን አይቶበት ነው?

በዚህ እትም የምናቀርበው ሰው ይህን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ያሳየናል። አቡ ሙስሊም አል-ኹራሳኒ የወጣው ከዝቅተኛው ሕዝብ ነው። የኹራሳንን ተራ ሰው አሰባስቦ የበኑ ኡመያን መንግሥት ጣለ፤ የበኑ ዐባስን መንግሥት አቆመ። ራሱም በኹራሳን ማንም የማይጠይቀው ገዢ ሆነ። በመጨረሻም ሕይወቱ ያለፈው እሱ ራሱ ባቆመው ዙፋን ፊት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ከ10 ባልበለጠ ዓመት ውስጥ ነው።

የኮርቻ ሠሪዎቹ ልጅ

ስለ አቡ ሙስሊም ዘርና ትውልድ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ባሪያ ነበር የሚሉ አሉ፤ መውላ ነበር የሚሉም አሉ። መውላ ማለት ዐረብ ሳይሆን እስልምናን ተቀብሎ በአንድ የዐረብ ጎሣ ጥላ ሥር የሚኖር ሰው ነው፤ ብዙ ቁጥሩ መዋሊ ይባላል። አቡ ሙስሊም በኢራቅ በኩፋ ከተማ በኮርቻ ሠሪዎች መካከል እንዳደገና የበኑ ዒጅል ጎሣ ሰዎችን ያገለግል እንደነበር ግን ብዙዎቹ ይዘግባሉ።

በ124 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 742 ገደማ) እነዚህ ጌቶቹ በኩፋ እስር ቤት ነበሩ። እሱም እየተመላለሰ ያገለግላቸዋል። በዚያ እስር ቤት ከኹራሳን የመጡ እንግዶች አገኙት። እንግዶቹ ነጋዴ መስለው የሚንቀሳቀሱ የምሥጢራዊ ጥሪ መልእክተኞች ነበሩ። ጥሪው ከ100 ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ጀምሮ ከሑመይማ ይመራ ነበር፤ ሑመይማ በዛሬዋ ዮርዳኖስ ደቡብ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በዚያ የሚኖሩት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት የአል-ዐባስ (ረ.ዐ) ዘሮች ነበሩ፤ በጊዜው የቤተሰቡ መሪ ኢብራሂም ኢብን ሙሐመድ ይባላል። መልእክተኞቹ የወጣቱን ብልህነት አይተው ወደ ኢብራሂም ወሰዱት። ዐብዱረሕማን የሚለውን ስምና አቡ ሙስሊም የሚለውን ኩንያ ያገኘው ከኢብራሂም እንደሆነ ይነገራል።

በ128 ዓመተ ሒጅራ ኢብራሂም ይህን ወጣት የኹራሳን ወኪሉ አድርጎ ላከው። በዚያ ለዓመታት ጥሪውን በሕይወታቸው ዋጋ ሲጠብቁ የኖሩት እንደ ሱለይማን ኢብን ከሢር ያሉ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ላይ አልተቀበሉትም ነበር። ገና ልጅ ነው፤ ዘሩም አይታወቅም። ኢብራሂም ግን ቃሉን አላጠፈም፤ እነሱም በኋላ ተቀበሉት።

ኹራሳን ለምን ተቆጣች?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሕዝቡን እንመልከት። የዚያ ዘመን ኹራሳን የዛሬውን ሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ የቱርክሜኒስታንና የአፍጋኒስታንን ከፊል የሚያካትት ሰፊ ግዛት ሲሆን ዋና ከተማው መርው ነበረች። በዚያ የነበረው ሕዝብ ልቡ የቆሰለው በአንድ ነገር ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው የግብር በደል ነው። ጂዝያ በሙስሊም ላይ እንደማይጣል የታወቀ ነው። ሆኖም ግምጃ ቤቱ እንዳይጎድል የሚሰጉ ሹማምንት እስልምናን ከተቀበሉ ዐረብ ያልሆኑ ሰዎች ጂዝያ መሰብሰባቸውን ቀጥለው ነበር። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) ሲነግሡ ይህን አስቆሙ፤ ግን የገዙት 2 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ብቻ ነው። ከእሳቸው በኋላ ነገሩ ወደነበረበት ተመለሰ። በ110 ዓመተ ሒጅራ የኹራሳን አስተዳዳሪ የነበረው አሽረስ ለሰመርቀንድና ለአካባቢው ሰዎች እስልምናን ከተቀበሉ ጂዝያ እንደሚነሣላቸው ቃል ገባ። ሰዉ በብዛት ሰለመ፤ መስጂድም ሠራ። ገቢው ሲቀንስ አሽረስ ቃሉን አጠፈና ግብሩን መልሶ ጣለ። ሸሃዳ ይዞ፣ ሰግዶ፣ ጾሞ፣ እንደገና እንደ ባዕድ ተቆጥሮ የሚከፍል ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ከገንዘቡ ይልቅ ውርደቱ ነው የሚያመው።

ጠበሪ እንደዘገቡት የመጨረሻው የኡመያ አስተዳዳሪ ነስር ኢብን ሰያር በ121 ዓመተ ሒጅራ ገደማ ሥርዓቱን ሲፈትሽ ጂዝያ የሚከፍሉ 30,000 ሙስሊሞች አገኘ። በአንጻሩ ከጂዝያ ነጻ የተደረጉ 80,000 ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎችም ነበሩ። ነስር ይህን አስተካከለ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ግን ዘገየ። ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ቂም በአንድ አዋጅ አይጠፋም።

ሁለተኛው የዐረቦቹ የራሳቸው ድካም ነው። ከበስራና ከኩፋ መጥተው በኹራሳን የሰፈሩ የዐረብ ቤተሰቦች ከዓመት ዓመት ወደ ጦር ሜዳ ይላካሉ። በላያቸው ደግሞ የሙደርና የየመን ጎሣዎች ሽኩቻ ነበር። የነስር ወገንና የአል-ኪርማኒ ወገን በመርው ደጃፍ ይዋጉ ነበር። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ሁለቱንም ጠላ።

ሦስተኛው ሐዘን ነው። የሑሰይን (ረ.ዐ) የልጅ ልጅ የሆኑት ዘይድ ኢብን ዐሊይ በ122 ዓመተ ሒጅራ በኩፋ ተገደሉ። ልጃቸው የሕያ ወደ ኹራሳን ሸሽቶ በ125 ተገደለ፤ አስከሬኑም በጁዝጃን ተሰቅሎ ቀረ። መስዑዲ እንደሚሉት የየሕያ አሟሟት በተሰማበት ዓመት በኹራሳን የተወለደ ወንድ ልጅ ሁሉ የሕያ ወይም ዘይድ ተባለ። አንድ ሕዝብ ለልጁ የሚያወጣው ስም ብሶቱን ይናገራል።

እንግዲህ ይህ ሕዝብ ሞኝ ነበር ማለት አይቻልም። በደሉ እውነት ነበር፤ ፍላጎቱም ሐቅ ነበር። አቡ ሙስሊም የደረሰው እንዲህ ወዳለ ሕዝብ ነው።

ስሙ ያልተጠቀሰው መሪ

የጥሪው ብልሃት በበይዓው ቃል ውስጥ ነበር። ሕዝቡ በአላህ ኪታብና በመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ላይ ቃል ይገባል። መሪውን በተመለከተ ደግሞ ከነቢዩ ቤተሰብ ሁሉም ለሚስማማበት ሰው ይላል። ማን እንደሆነ አይነገርም።

ለዚህ ዝምታ በቂ ምክንያት ነበር። ስሙ ቢታወቅ ኡመያዎቹ ይገድሉታል፤ በኋላም ኢብራሂም ሲታወቅ ተይዞ በ132 ዓመተ ሒጅራ በሐራን እስር ቤት ሞቷል። ግን ዝምታው ሌላም ሥራ ሠርቷል። ለዘይድና ለየሕያ ያለቀሰው ሰው የሚመጣው የዐሊይ (ረ.ዐ) ዘር እንደሆነ አሰበ። ግብር ያንገሸገሸው መውላ ግብር የሚያነሣለትን ሰው አሰበ። በጎሣ ጦርነት የተሰላቸው ሰላም የሚያመጣውን አሰበ። ባዶውን ቦታ እያንዳንዱ በራሱ ተስፋ ሞላው። ለስም የተተወው ቦታ ባዶ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ባንዲራ ሥር ባልተሰበሰበም ነበር።

በ129 ዓመተ ሒጅራ ረመዷን 25 (እ.ኤ.አ. ሰኔ 747) በመርው አቅራቢያ በሰፊዘንጅ መንደር ጥቁሮቹ ባንዲራዎች ተውለበለቡ። በየመንደሩ ያሉ ተከታዮች እንዲያውቁ ሌሊት እሳት ተለኮሰ። ሰዎች ጥቁር ለብሰው ከየአቅጣጫው መጡ፤ የዚያን ዓመት ዒድ አል-ፊጥርም እዚያው ሰገዱ።

አቡ ሙስሊም የመጣውን ሰው ያስመዘገበበት መንገድ ልብ የሚነካ ነው። የኡመያ ሠራዊት መዝገብ በጎሣ የተደረደረ ነበር፤ ዘርህ ቦታህን ይወስናል። የአቡ ሙስሊም ሰዎች ግን ስማቸው ከአባታቸው ስምና ከመንደራቸው ጋር ተጻፈ። ዐረቡም መውላውም በአንድ ዝርዝር ገባ። አያቱም አባቱም ከመዝገብ ግርጌ የኖሩ ሰው ስሙ በእኩልነት ሲጻፍ ያየ ዕለት ነፍሱን ለመስጠት ቢዘጋጅ አይገርምም። ሰዎች ብርቱ መሪን የሚከተሉት ፈርተው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚከተሉት ክብራቸውን መልሶ የሰጣቸው እሱ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ ይዘው የመጡት ወጣቶች

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ ቅርብ የሆነውን ክፍል ያቆዩልን ጠበሪ ናቸው። ዲንን የሚማሩ፣ ዒባዳ የሚያበዙ የመርው ወጣቶች ተሰባስበው ወደ አቡ ሙስሊም ሰፈር ሄዱ። ሰው ሁሉ ስለሚያወራለት ስለዚህ ሰው ራሳቸው ሊያረጋግጡ ነበር። መጀመሪያ ዘሩን ጠየቁት። እሱም ከዘሩ ይልቅ ሥራው እንደሚጠቅማቸው ነገራቸው። መዋሊ በዘራቸው በሚናቁበት አገር ይህ መልስ ውብ ነበር።

ቀጥለው የፊቅህ ጥያቄ አነሱ። ያኔ የሰጣቸው መልስ ሌላ ነበር። ከዚህ ይልቅ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል እንደሚበልጥባቸው፣ እሱ ሥራ እንደበዛበትና ከጥያቄያቸው ይበልጥ እርዳታቸውን እንደሚፈልግ ነግሮ አሰናበታቸው።

መልሱ በጆሮ ሲሰሙት ክፉ አይመስልም። ጦርነት ደጃፍ ላይ ነው፤ በዳይ ገና አልወደቀም፤ አሁን የጥያቄ ጊዜ ነው እንዴ? ነገር ግን ልብ እንበል። ጥያቄውን የዘጋው በራሱ በዲኑ ትልቅ መርሕ ነው። በመልካም ማዘዝ የሚለው ግዴታ መሪውን ለመጠየቅ መዋል ሲገባው ጠያቂውን ዝም ለማሰኘት ዋለ። ወጣቶቹ የመጡት ሊያግዙ ወይም ሊቃወሙ ወስነው አልነበረም፤ ሊያውቁ ነበር። ማወቅ የሚፈልግ ሰው በዚያ ሰፈር ቦታ አልነበረውም።

በ130 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 748) አቡ ሙስሊም መርውን ያዘ። እርጅና የተጫነው ነስር ኢብን ሰያር ወደ ምዕራብ ሸሸ፤ በ131 ሳዋ ላይ ሞተ። አቡ ሙስሊም የየሕያን አስከሬን ከተሰቀለበት አውርዶ አስቀበረ፤ በግድያው የተሳተፉትንም አንድ በአንድ ፈልጎ ገደለ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ ተስፋው እውን የሆነ መስሎታል።

ዓመቱ ሳያልቅ ግን ሰይፉ ወደ ወዳጅ ዞረ። ከተማዋን ሲይዝ አብረውት የነበሩትን የአል-ኪርማኒን ልጆች ዐሊይንና ዑሥማንን ገደላቸው። በታሪክ መጻሕፍት የሚተረክ አንድ ክስተትም አለ። በሚንበር ላይ ሳለ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ የለበስከው ጥቁር ምንድነው ብሎ ጠየቀው። አቡ ሙስሊም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መካ በተከፈተች ቀን ጥቁር ጥምጣም አድርገው መግባታቸውን በጃቢር (ረ.ዐ) ዘገባ መለሰለት። ከዚያ የሰውየው አንገት እንዲቀላ አዘዘ። የጥያቄው መልስ ትክክል ነበር። ጥፋቱ መጠየቁ ነበር።

ወርቅ ሠሪው

በመርው ኢብራሂም አስ-ሷኢግ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አስ-ሷኢግ ማለት ወርቅ ሠሪው ማለት ነው፤ ሙያቸው ይኸው ነበር። ሐዲሥ ዘጋቢ፣ አላህን ፈሪ ሰው ነበሩ። መዶሻቸውን አንስተው ሳለ አዛን ከሰሙ መዶሻውን መልሰው እንደማያሳርፉት ይነገርላቸዋል። ከአቡ ሙስሊም ጋር ወዳጅነት ነበራቸው፤ ፍትሕን ያመጣል ብለው ተስፋ ካደረጉበት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ግፉን ሲያዩ ግን ዝም ማለት አልቻሉም። ወደ አቡ ሙስሊም ቀርበው በከባድ ቃል ገሠጹት። አሰራቸው፤ የኹራሳን ዑለማና ዒባዳ አብዢዎች አማልደው አስፈቷቸው። ተመልሰው ገሠጹት። በ131 ዓመተ ሒጅራ አስገደላቸው።

ዜናው ኩፋ ሲደርስ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) አምርረው አለቀሱ። አል-ጀሷስ እንደዘገቡት ወርቅ ሠሪው ከዚያ በፊት ወደ ኢማሙ እየመጡ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ግዴታ ላይ ተነጋግረው ነበር። ግዴታ በመሆኑ ሲስማሙ ወርቅ ሠሪው በይዓ ልስጥዎት፣ እጅዎን ይዘርጉ አሉ። ኢማሙ እምቢ አሉ። አንድ ሰው ብቻውን ቢነሣ ይገደላል እንጂ ለሰው የሚተርፍ ነገር እንደማያስተካክል፣ በጎ ረዳቶችና በአላህ ዲን የሚታመን መሪ ሊኖር እንደሚገባ አስረዷቸው። ወርቅ ሠሪው በመጡ ቁጥር ይወተውቷቸው ነበር፤ ኢማሙም መልሳቸውን አልለወጡም።

ሁለት ሰዎች፣ ሁለት መንገድ። አንዳቸውም ግፍን አልወደዱም። አንዱ ልባቸው ቸኩሎ ሄዱ፤ ሌላኛው ማንን፣ ከማን ጋር፣ ወዴት ብለው ጠየቁ። የኹራሳን ሕዝብ በበይዓው ጊዜ ያልጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ስሙ ሲገለጥ

የኹራሳን ሠራዊት ወደ ምዕራብ ገሠገሠ። በ132 ዓመተ ሒጅራ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 749) ኩፋን ያዘ። በዚያ የጥሪው መሪ አቡ ሰለማ ነበር። የዐባስ ቤተሰብ ከሑመይማ ሸሽቶ ሲመጣ ለሳምንታት ደበቀው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለዐሊይ ዘሮች ደብዳቤ ልኮ ሥልጣኑን እንዳቀረበላቸውና ጃዕፈር አስ-ሷዲቅ (ረሒመሁላህ) ደብዳቤውን በመብራት እንዳቃጠሉት ይዘገባል። የጥሪው ባለሥልጣን እንኳ ያ ባዶ ቦታ በማን ስም እንደሚሞላ እርግጠኛ አልነበረም ማለት ነው።

የኹራሳን አዛዦች ግን ቤተሰቡን ፈልገው አገኙ። በዚያው ዓመት በኩፋ መስጂድ ለአቡል-ዐባስ በይዓ ተሰጠ። ሕዝቡ የመሪውን ስም የሰማው ያኔ ነው፤ ስሙን የሰማውም ሠራዊቱ ከተማውን ከያዘ በኋላ ነው። ሹራ አልተደረገም፤ ሁሉም ይስማማበታል የተባለውን ሰው ሁሉም አልተጠየቀም።

በ750 መጀመሪያ በዛብ ወንዝ ላይ የመጨረሻው የኡመያ ኸሊፋ መርዋን ተሸነፈ፤ ግብፅ ድረስ ተባርሮ ተገደለ። ልጆቹ ወደ ኑባና ወደ ሐበሻ ምድር እንደሸሹ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በፍልስጤም በአቡ ፉጥሩስ ወንዝ ዳር የኡመያ ቤተሰብ ሰዎች ምሕረት ተብለው ተጠርተው ተጨፈጨፉ። የኡመያ ኸሊፋዎች መቃብር ሲቆፈር የዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ቀብር እንዳልተነካ ይዘገባል። ፍትሕ ያደረገን ሰው ጠላት እንኳ ያከብረዋል።

ቀጥሎ የራስ ሰዎች ተራ ሆነ። አቡ ሰለማ አቡ ሙስሊም በላከው ሰው እጅ ተገደለ። ጥሪውን ከጅምሩ የተሸከመው ሽማግሌ ሱለይማን ኢብን ከሢርም በአቡ ሙስሊም ትእዛዝ ተገደለ።

ተራው ሕዝብስ? በ133 ዓመተ ሒጅራ በቡኻራ ሸሪክ ኢብን ሸይኽ የሚባል ሰው ተነሣ። የነቢዩን ቤተሰብ የተከተልነው ደም እንድናፈስና ያለ ሐቅ እንድንሠራ አልነበረም የሚል ነበር ቅሬታው። ከ30,000 በላይ ሰው እንደተከተለው ይዘገባል። ቁጥሩ ቢጋነንም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የጥሪው ተስፈኞች ከ4 ዓመት በኋላ የጥሪው ቅሬተኞች ሆነዋል። አቡ ሙስሊም አዛዡን ልኮ እንቅስቃሴውን በደም አጠፋው። ያኔ ጥያቄውን የሚያደርስበት ሌላ በር አልቀረም ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ

አቡል-ዐባስ በ136 ዓመተ ሒጅራ ሲሞት ወንድሙ አቡ ጃዕፈር አል-መንሱር ተተካ። አጎታቸው ዐብደላህ ኢብን ዐሊይ በሻም ሲያምጽ አል-መንሱር አቡ ሙስሊምን ላከበት። አቡ ሙስሊም በኑሰይቢን አሸነፈው። ኸሊፋው ግን ምርኮውን የሚቆጥር ሰው ላከ። አቡ ሙስሊም ተቆጣ፤ በደም ታምኜ በገንዘብ ልጠረጠር ነው ወይ የሚል ስሜት ነበር የያዘው። ኸሊፋው ኹራሳንን ነጥቆ ግብፅንና ሻምን ሊሾምለት ፈለገ። አቡ ሙስሊም እምቢ ብሎ ወደ ኹራሳን ጉዞ ጀመረ። ሆኖም በኹራሳን የተወው ምክትሉ በአል-መንሱር ተማርኮ ነበር፤ መመለሻ አጣ።

በ137 ሸዕባን (እ.ኤ.አ. የካቲት 755) በመዳኢን አቅራቢያ ወደ ኸሊፋው ድንኳን ገባ። ሰይፉን አስረከበ። አል-መንሱር ጥፋቱን አንድ በአንድ ቆጠረለት፤ ከዘረዘረውም የሱለይማን ኢብን ከሢር ግድያ ይገኝበታል። ከዚያ እጁን አጨበጨበ። ከመጋረጃው ጀርባ የተደበቁት ጠባቂዎች ወጡና ገደሉት። ውጭ የሚጠብቁ ወታደሮቹ በገንዘብ ጸጥ አሉ።

አቡ ሙስሊም ያለ ፍርድ እንደገደለ ያለ ፍርድ ተገደለ። ፍርድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አልተከለም ነበርና ለራሱም አልተገኘለትም።

ለፍትሕ ስንል አንድ ነገር እንጨምር። የኹራሳን ሕዝብ ከለውጡ ምንም አላተረፈም ማለት አይደለም። ዐረብ ያልሆኑ ሙስሊሞች በአዲሱ መንግሥት እስከ ከፍተኛው ሹመት ደረሱ፤ አል-መንሱር የቆረቆራት ባግዳድም የዒልም ማዕከል ሆነች። የዘር መሰላሉ ዝቅ አለ። ገዢውን የሚገታ ልጓም ግን አልተሠራም። በዚያው ዘመን ኢማም አቡ ሐኒፋ ዳኝነት አልቀበልም ብለው ታስረው በ150 ዓመተ ሒጅራ በባግዳድ አረፉ። ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) በመዲና ተገረፉ፤ ብዙዎች እንደሚዘግቡት ምክንያቱ በግዳጅ የተወሰደ ቃል አያስርም የሚለው ትምህርታቸው በበይዓው ላይ ጥያቄ ስላስነሣ ነው።

በ118 ዓመተ ሒጅራ በመርው የተወለዱት ዐብደላህ ኢብን አል-ሙባረክ (ረሒመሁላህ) ጥቁሩ ባንዲራ ሲነሣ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። በኋላ አቡ ሙስሊም ይሻላል ወይስ አል-ሐጃጅ ተብለው ሲጠየቁ አቡ ሙስሊም ከማንም ይሻላል እንደማይሉ፣ አል-ሐጃጅ ግን ከእሱ የባሰ እንደነበር መመለሳቸው ይዘገባል። ነጻ አውጪ ተብሎ የተነሣ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ከአል-ሐጃጅ ጋር የሚነጻጸር ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ምን እንያዝ?

የኹራሳን ሰዎች ስሕተት በደልን መጥላታቸው አልነበረም። በደልን መጥላት ኢማን ነው። ስሕተታቸው የበዳዩን ስም በደንብ አውቀው የተተኪውን ስም ሳይጠይቁ ቃል መግባታቸው ነው። ቁጣቸው ትክክል ስለነበረ የተከተሉት ሰውም ትክክል መሰላቸው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የቆሰለ ሰው ቁስሉን ያየለትን ሁሉ ሐኪም አድርጎ ይቀበላል።

ይህ ጉዳይ ስለ ነገሥታት ብቻ የሚነገር አይደለም። ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን መምህር፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የመስጂድ ኮሚቴ አባል እንሆናለን። ዛሬም በማኅበራችን፣ በዶርማችን፣ በሐለቃችን ሰው እንመርጣለን፣ ሰው እንከተላለን። አንደበቱ ያማረ፣ ብሶታችንን ከእኛ በላይ የሚናገርልን ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሥልጣኑን የምንሰጠው ለማን ነው? ቢያጠፋ የሚመልሰው ምንድነው? ነገ ስንጠይቀው ይሰማናል ወይስ ጥያቄያችሁን ሳይሆን እርዳታችሁን ነው የምፈልገው ይለናል? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፤ መልሱን ለማወቅም ነገን መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ገና ሥልጣን ሳይይዝ ስንጠይቀው ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ሥልጣን ሲይዝ አይፈታም።

መጠየቅ ጀመዓን መበተን አይደለም። እነዚያ የመርው ወጣቶች በዚያ ቀን ጥያቄያቸውን ይዘው ብቻቸውን ተመለሱ። ከኋላቸው ሌላ 100 ሰው፣ ሌላ 1,000 ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ቢሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አላህ ያውቃል። ወርቅ ሠሪው ግን ያን ያህል ብቻቸውን ባልቆሙም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ በዳይንም፣ የበዳይ ደጋፊም ከመሆን ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።